የጠላቴ ጥርስ

ለአርባ ዓመት ለጠላቴ ጥርስ ስጸልይ ኖርኩ። «አምላኬ፣ ጥርሱን ጠብቅልኝ። ድዱ አይድማ፣ መንጋጋው አይነቃነቅ፣ ሐኪም ነቅሎ ሰው ሠራሽ አይግጠምለት» እያልኩ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ። ይበሉ! እኔ ቂሜን ታቅፌ ስድሳ ስድስት ዓመት ሞላኝ፤ ጸሎቴም ተሰማ።

ሰውየው ኢንጂነር ኪሩቤል ታምራት ነው። በዓል በመጣ ቁጥር በየቤታችን የግድግዳ ስክሪን ላይ ብቅ ይላል፤ «የጸጥታ አባት» ይሉታል። ለሕዝቡ መልካም አዲስ ዓመት ሲመኝ ጎረቤቶቼ ንግግሩን ያዳምጣሉ፤ እኔ ወንበሬን አስጠግቼ አፉን አያለሁ። ሲስቅ የላይኞቹ ይታያሉ። በግራ በኩል አንዷ ጠየም ብላለች። ሰው ሠራሽ ጥርስ አይጠይምም፤ ስለዚህ የራሱ ናት ማለት ነው። እሰይ እልና ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ።

ይህን በቃል ብነግራችሁ አይደርሳችሁም። ከአፌ እንደወጣ ጆሯችሁ ውስጥ ያለው ነገር ያለሰልሰውና አንዲት አሮጊት ስለ አበባ አተካከል የምታስረዳ ይመስላችኋል። ጽሑፍን ገና አልነኩትም። ስለዚህ እጽፋለሁ።

መሥሪያ ቤቱ «የድምፅ አስተካካይ» ይለዋል። ሰዉ ላጲስ ነው የሚለው። ሕፃን ሲወለድ ከክትባቱ ጋር ይገባለታል፤ ያኔ ትልልቅ ለነበርነው ደግሞ በአዋጅ ገባ። ጩኸት፣ ስድብ፣ ሳይረን፣ የብረት ፍጭት፣ ለቅሶ፣ ሁሉም ተፍቆ ነው የሚያልፈው። በባቡር ስሄድ ሁለት ጎልማሶች እግር ለእግር ይረጋገጡና እናት አባት ሳይቀር ይሰዳደባሉ። ተሳዳቢው የራሱን ስድብ አይሰማም፤ ተሰዳቢውም ምስጋና ይመስለዋል። ፌርማታው ሲደርስ «ቸር ዋል» ተባብለው ይወርዳሉ። እኔ መስኮቱ ጋ ተቀምጬ ሁሉንም እሰማለሁ።

ባለፈው ሰኔ አራተኛ ፎቅ የምትኖረው ቃልኪዳን ባሏ ሞተ። ደረቷን እየደቃች «አንበሳዬ፣ ለማን ጥለኸኝ!» ብላ ስትጮህ ለቀስተኛው ደስ የሚል እንጉርጉሮ እንደሚያደምጥ ሰው ራሱን እየነቀነቀ ተቀምጧል። አንዷ እንዲያውም በእግሯ ምት ትጠብቃለች። ቃልኪዳን ዙሪያዋን ስታይ ዓይኗ ዓይኔ ላይ አረፈ፤ ዕንባዬን ስታይ እንደሰማኋት ገባት። እስከ ቀብሩ ፍጻሜ እጄን አልለቀቀችውም።

እኔ ላጲስ የለኝም። ታግዬ አይደለም፣ ጀግና ነኝ አልልም። ከልጅነቴ ጆሮዬ ይመግል ነበርና ሦስት ጊዜ አስገቡልኝ፣ ሦስት ጊዜ ተፋው። ሲሰለቻቸው ቢጫ ካርድ ሰጡኝ፤ በየመስከረሙ አሳድሳለሁ። ካርዱ ላይ «አካል ጉዳተኛ» ይላል።

በነሐሴ ማብቂያ ከክፍለ ከተማው ሀሴት የምትባል ወጣት መጣች። ቀጭን፣ ትሑት፣ ጫማዋን በር ላይ የምታወልቅ ዓይነት ልጅ ናት።

«እትዬ ኖላዊት፣ ሸካራ ድምፅ የያዘ ዕቃ ሁሉ እስከ ጳጉሜ አምስት ገቢ መደረግ አለበት። እርስዎ ጋ የዘፈን ሸክላ አለ ተብሏል።»

«ማን አለ?»

«ሲስተሙ።»

«ሲስተሙ አፈር ይብላ!»

«እኔም አመሰግናለሁ» አለች ከልቧ።

በሷ መናደድ አይቻልም። ሳጥኑን ከአልጋዬ ሥር አብረን ጎትተን አወጣነው። አርባ አንድ ሸክላ። ከስንት ዓመት በኋላ መክፈቴ ነው፤ ክዳኑ ሲነሳ የታፔላ ቤት ሽታ፣ ያ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ፊቴን መታኝ። አንዱ ብቻ እውነተኛ ጥቁር ሸክላ ነው፤ ከናይሮቢ አንዲት ልጅ በጫማ ካርቶን ደብቃ ያመጣችልን። የቀሩት በሙሉ ከወለቀ የሱቅ ታፔላ በእጅ የተቆረጡ ናቸው። ያኔ ከተማው በየጊዜው ሲፈርስ ታፔላው በየመንገዱ ይጣል ነበር። ሸክላ የሚያትምልን ማተሚያ ቤት አልነበረም። እኛም ታፔላ አንሥተን ክብ ቆርጠን ዘፈን ጫርንበት።

አረንጓዴው ከመድኃኒት ቤት ነው፤ የ«መድኃ» ጽሑፍ ግማሹ አሁንም ከመስመሩ ሥር ይታያል። ቀዩ ከሥጋ ቤት ነው፤ ሙጀሌ የሚባል ባንድ አለበት። ሙጀሌዎች ጊታር መቃኘት አይችሉም ነበር፤ ሞክረውም አያውቁም። ሰማያዊው «ጨው አልባ» ነው፤ አራት እኅትማማቾች፣ በአርባ ሰከንድ አንድ ዘፈን ጨርሰው የሚያላግጡ። «የሊፍት ብልሽት» የሚባሉት ደግሞ ከአሥራ ሁለተኛ ፎቅ ድራም በትከሻቸው ተሸክመው እየወረዱ የሚጫወቱ ነበሩ። እያንዳንዱን እያወጣሁ ስሙን ስጠራ ሀሴት ትጽፋለች።

«እንዴት ያምራሉ! ሳህን ይመስላሉ» አለች። ቅጹ ላይ ቀለም፣ ስፋት፣ ከዚያ «ይሠራል» ወይም «አይሠራም» የሚል ዓምድ አለ። «የማይሠራው ወደ መፍጫ፣ የሚሠራው ወደ ኢንጂነር ኪሩቤል ሙዚየም ይገባል፤ በመስታወት ውስጥ። እሳቸው ሰባኛ ዓመታቸውን ሲያከብሩ ይከፈታል።»

የሱ ስም ቤቴ ውስጥ ሲጠራ ስሰማ እጄን ወደ ሳጥኑ ሰደድኩ።

የመጨረሻው ሸክላ ነጭ ነው፣ ከፎቶ ቤት ታፔላ የተቆረጠ። ሽፋኑ ላይ በእስክሪብቶ የተሰመሩ አጫጭር መስመሮች አሉ። ሀሴት በጣቷ ቆጠረቻቸው።

«አሥራ ዘጠኝ። ምንድን ናቸው?»

«በሰማነው ቁጥር አንድ መስመር እናሰምራለን። ታፔላ እንደ እውነተኛው ሸክላ አይደለም፤ መርፌው እየፋቀ ነው የሚያሰማሽ። ሃያ ጊዜ ከሰማሽው አለቀ።»

«ታዲያ አንድ ቀርቷል ማለት ነው?»

«አንድ ቀርቷል።»

«ለምን አልሰሙትም?»

«ለሰው ያስቀመጥኩት ነው» አልኳት።

ቅጂ ለምን አልወሰድሽም እንዳትሉኝ። ዛሬ የሚቀዳ ዕቃ ሁሉ ፍቆ ነው የሚቀዳው።

ታሪኩ ይኸው። በ2031 ዓ.ም. ቆርኪ የሚባል ባንድ ነበረን፤ ሦስት ነበርን። ሶልያና ጊታር ይዛ ትጮሃለች። ትዘፍናለች ብል መቃብር ውስጥ ሆናም ትቆጣኛለች። እኔ ድራም እመታለሁ። ኪሩቤል ቤዝ ይጫወታል፤ ቀን ታፔላ ቤት ስለሚሠራ መቁረጫውን የሠራው እሱ ነው። ጎበዝ ነበር፣ እጁ ወርቅ፤ ይህን አልክድም። የካ አባዶ ድምፅ ብዙም በማያወጣ አንድ የኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ውስጥ እንቀዳ ነበር። አንድ ጊዜ ከተቆረጠ ተቆረጠ ነው፣ ማረም የለም።

ቤት ወስዶ መስማቱ ነበር የሚከብደው። ጩኸት ያለው ዘፈን በአዋጅ ተከልክሎ ስለነበር፣ ስፒከር ከከፈትን የሰፈሩ ኮሚቴ በር ያንኳኳል። ስለዚህ በጥርስ እንሰማ ነበር። ከወይራ መፋቂያ ጫፍ ላይ የስፌት መርፌ ትሰኪያለሽ። ሸክላውን የሚያሽከረክረው የእናቴ የስፌት መኪና ፔዳል ነው። መፋቂያውን ነክሰሽ መርፌውን መስመሩ ላይ ስታሳርፊ ዘፈኑ በመንጋጋ ገብቶ ጭንቅላትሽ ውስጥ ይጮሃል። ክፍሉ ግን ጸጥ ያለ ነው፤ ከመርፌው ጫፍ የትንኝ ድምፅ የምታህል ብቻ ትወጣለች። አንዱ ይነክሳል፣ አንዱ ፔዳል ይረግጣል፣ አንዱ በር ይጠብቃል፣ ከዚያ መለዋወጥ ነው። ኪሩቤል ግን አንድም ቀን ነክሶ አያውቅም። «ጥርሴን ብርድ ይሰማኛል፤ እኔ በር ልጠብቅ» ይላል ሁልጊዜ። እኛ ደግሞ መልካምነቱ ነው ብለን እናመሰግነው ነበር።

ታኅሣሥ ውስጥ «ደረጃ» የሚለውን ዘፈን ለመቁረጥ ገባን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሶልያና ራሷ የጻፈችው ነው፦

ደረጃ ነኝ፣ ርገጠኝ፣
ውጣ፣ ውጣ፣ አትየኝ፤
ስትወርድ ታገኘኛለህ፣
እዚያው ነኝ፣ እዚያው ነኝ።

መጀመሪያ የተቆረጠውን ኪሩቤል «ሥራ ቤት ወስጄ ጥራቱን ልየው» ብሎ ከጃኬቱ ሥር ከተተው። «አንዴ ድገሙት፣ ቤዝ ባይኖርም ግድ የለም። እኔ በር ላይ ነኝ» ብሎ ወጣ። ደገምነው። ሶልያና እንደዚያ ቀን ጮሃ አታውቅም። ዘፈኑ አልቆ መቁረጫው ገና ሲዞር፣ ጊታሯን ሳታወርድ ወደ በሩ ዞር ብላ «ኪሩ፣ ግባ በቃ፣ ብርድ ይመታሃል» አለች። እሱም ተቆረጠ። ሸክላው እዚያ ላይ አለቀ።

በሩ ተከፈተ። የገባው ኪሩ አልነበረም። የቦት ጫማ ድምፅ ደረጃው ላይ እንደሰማሁ ነጩን ሸክላ አንሥቼ ትልቁ ድራም ሆድ ውስጥ ወረወርኩት። ለእኛ ካቴና ይዘው መጡ፤ ለድራም ማን ካቴና ያመጣል? እዚያው ጥለውት ሄዱ።

ፍርድ ቤት ላይ ማስረጃ ብለው ያጫወቱት ሸክላ የመጀመሪያው ነው፣ ኪሩቤል ከጃኬቱ ሥር የከተተው። ያኔ ገባኝ። የጠቆመብን በር ጠባቂያችን ነው። እኔን ከሁለት ወር በኋላ ለቀቁኝ፤ ነጩን ሸክላ ከድራሙ ሆድ አውጥቼ አሥራ ሰባት ጊዜ ብቻዬን ሰማሁት። ሶልያናን ግን ያኔ ገና በሙከራ ላይ ለነበረው ላጲስ የመጀመሪያዋ አደረጓት።

ቤቷ ስሄድ ግድግዳ ይዛ ትጮሃለች። «ኖላ፣ እየጮህኩ ነው እንዴ? ንገሪኝ፣ እየጮህኩ ነው?» የራሷን ድምፅ አጣችው። ጆሮዋ ሥር ያለው ቁስል ይሸታል፣ ትኩሳቱ አይበርድላትም። ከዚያ መፋቂያው ትዝ አለኝ። ፔዳሉን በታክሲ ጭኜ ወሰድኩላት። አስነከስኳት። ዓይኗ ፈጠጠ፤ ከዚያ ሳቀች። ላጲስ የሚቀመጠው ከፊት ለፊቱ በር፣ ከጆሮ ላይ ነው፣ ጥርስ ደግሞ የጓሮ በር ነው፤ ማንም አልዘጋውም። ሁለት ጊዜ ሰማች። አሥራ ስምንተኛውና አሥራ ዘጠነኛው መስመር የሷ ናቸው፣ ራሷ ናት ያሰመረችው። በሳምንቱ ሞተች።

ኪሩቤል ወደ ላይ ወጣ። በዓመቱ ግድግዳው ላይ ቀርቦ እንዴት እንደ ሠራው ሲያብራራ ሰማሁት። ማሽኑ «ሸካራ» ማለት ምን እንደሆነ ይማር ዘንድ ናሙና አስፈልጎት ኖሮ፣ ያን የመጀመሪያውን ሸክላ ሰጠው። «አንዲት የወጣትነት ጓደኛዬ ሳታውቅ ለዚህ አገር ሰላም አበርክታለች» አለ፣ ዕንባ ቢጤ ዓይኑ ላይ አቅርሮ። ገባችሁ? ላጲሱ ማጥፋትን የተማረው በሶልያና ድምፅ ነው። በዚህ አገር ከድምፅ ሁሉ በፊት የሚፋቀው የሷ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ተመኘሁ። እንዲሞት አልተመኘሁም፣ መሞት ለሁሉም ነው። አንድ ጊዜ እንዲሰማት ተመኘሁ። ጩኸቷን ከነስንጥቁ፣ ከዚያ ደግሞ መጨረሻ ላይ ያለችውን። እሱ ሰው ሊያስይዝ በር ላይ ቆሞ ሳለ እሷ ብርድ እንዳይመታው ትጨነቅ እንደነበረ ይወቅ፣ አውቆም ከነዕውቀቱ ይኑር አልኩ። ሃያኛውን መስመር ለራሴ ሳልነካው አርባ ዓመት ያቆየሁት ለዚህ ነው። ድምፅዋን እየረሳሁት እንደነበር ልደብቃችሁ አልፈልግም። ሌሊት ሌሊት ሳጥኑን አቅፌ፣ ልንከሰው ወይስ ልተወው እያልኩ ያሳለፍኩትን እኔ ነኝ የማውቀው።

ሀሴት ቅጹን ስትጨርስ «በእትዬ በኩል የሚጨመር አስተያየት?» አለችኝ።

«ጻፊ። ነጩ ሸክላ የ‹ደረጃ› ሁለተኛ ቅጂ ነው፤ ለኢንጂነር ኪሩቤል በእጃቸው ካልሆነ አላስረክብም በይ።»

በሁለት ቀኑ መልስ መጣ። ጳጉሜ ሦስት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ራሳቸው ይመጣሉ።

ጳጉሜ ሦስት የሩፋኤል ዝናብ ያለ የሌለ ኃይሉን አወረደው። ግቢው ውስጥ ሕፃናት ለበረከቱ ብለው ራቁታቸውን ይዘላሉ፤ ጩኸታቸውን የምሰማው እኔ ብቻ ነኝ። ኮሪደራችን ክፍት ስለሆነ ውሃው እስከ በሬ ድረስ ይረጫል። ኪሩቤል ከሀሴት ጋር መጣ። በግድግዳው ላይ ትልቅ ነው፤ በሬ ላይ ሲቆም ኮቱ የሰፋው ሽማግሌ ነው።

«ኖላ! አንቺ እኮ አላረጀሽም።»

«ላጲስህ ዓይንህም ውስጥ ገባ እንዴ?»

ሳቀ። ሲስቅ አየሁት። የላይኞቹ አሉ፣ የታችኞቹም አሉ፣ ያቺ ጠይሟም አለች። ተመስገን አልኩ።

ከወንበሬ ላይ አስቀመጥኩት። «አንተ ውሻ፣ አንተ ከሐዲ፣ አንተ የሰው ነፍስ የበላህ» አልኩት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ደህና ነኝ» አለ። ሀሴትም ጎንበስ ብላ ፈገግ አለች። ቢያንስ ከአፌ ወጣልኝ።

«ብዙ ዘመን ሆነ፣ ኖላ። ልጆች ነበርን። ያለፈው አለፈ።»

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።»

«አሜን፣ አሜን» አለ።

ነጩን ሸክላ ሳሳየው ግን ፊቱ ተለወጠ። ጣቱን ዳር ዳሩን አስኬደው፣ የራሱ ቁርጥ ነውና ያውቀዋል። «ይሄ አለ ብዬ አስቤ አላውቅም። አንዴ ልስማው። ጣፋጭ ሆኖ እንደሚሰማኝ አውቃለሁ፣ ግን ምቱ ይበቃኛል፣ ያንቺን ምት ልስማው። ማጫወቻ የለሽም?»

«በአዋጅህ ወሰዳችሁት። መፋቂያ ግን አለኝ።»

ጮክ ብሎ ሳቀ። «እስከ ዛሬ? እኔ እኮ ነክሼው አላውቅም!»

«አውቃለሁ» አልኩ።

ሀሴት ቅጹን አወጣች። «እንዲያውም ጥሩ ነው። ይሠራል አይሠራም የሚለውን እሳቸው ካረጋገጡ ፊርማ አያስፈልግም።»

መፋቂያውን ከዋዜማው ቀርጬ፣ አዲስ መርፌ ሰክቼ አዘጋጅቼዋለሁ። እጅጉን አፍሮ እንደ ልጅ አፉን ከፈተ። ከፊት ጥርሱ መካከል አስገባሁለት። «ጥብቅ አድርገህ ንከስ። እስኪያልቅ እንዳትለቅ።» ከዚያ ስፌት መኪናው ጋ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ ታሟል፤ ግን እግሬ የድራም እግር ነው፣ ምት አይስትም። ሸክላው መዞር ጀመረ። ጎንበስ ብሎ መርፌውን አሳረፈ።

መጀመሪያ ቅንድቡ ተነሳ። ቀጥሎ ሁለት እጁ ጠረጴዛውን ያዘ። እኔ የምሰማው የትንኟን ድምፅ ብቻ ነው፤ ግን በእግሬ የት እንደደረሰ አውቃለሁ። የኔ ድራም ገባ። ጊታሩ ገባ። አሁን ሶልያና ልትጀምር ነው። እግሬ ሥር ያለው ምት የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ አደረገኝ፣ ዕንባዬ ወረደ፣ አላቆምኩም። የትንኟ ድምፅ ከፍ አለች። እሷ ናት። አርባ ዓመት ሙሉ ልትጠፋኝ የነበረች ድምፅ፣ ከጠላቴ አፍ በታች፣ ጥፍር በምታህል መርፌ ጫፍ ላይ።

ኪሩቤል ዓይኑ ፈጠጠ። ደረቱ ይንፈቀፈቃል። አርባ ዓመት ሸካራ ነገር ያልነካው ሰው ነው፤ ላጲስ ከገባለት ወዲህ የመኪና ጥሩምባ እንኳ አልሰማም። ምራቁ በአገጩ ወረደ። ሁለተኛው ስንኝ አለፈ። «ስትወርድ ታገኘኛለህ» አለፈ። ያዝ፣ ያዝ፣ ትንሽ ቀርታሃለች አልኩ በልቤ፤ ንከስ፣ አንተ ርኩስ፣ አትልቀቅ!

ጮኸ። እንደሚታረድ በሬ ጮኸ። ሲጮህ አፉ ተከፈተ፣ መፋቂያው ወደቀ፣ መርፌው በሸክላው ላይ ተንሸራትቶ እስከ መሐሉ ድረስ ጫረው። ንግግሯ ያለባቸውን የመጨረሻዎቹን መስመሮች፣ እነዚያን ሁለት ጣት የማይሞሉ መስመሮች፣ ከላይ እስከ ታች ሸረከታቸው።

ሀሴት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ በስስት ታየዋለች። «ደስ አላቸው ኣ? እንዴት ደስ ይላል፣ እያንጎራጎሩ እኮ ነው።»

እርር ድብን አልኩ። አርባ ዓመት! ለአሥር ሰከንድ! እሱ ግን መፋቂያውን ከወለሉ አንሥቶ ነክሷል። «ርገጪ፣ ኖላ፣ ርገጪ!» ረገጥኩ። መርፌውን አሳረፈ፤ ሸክላው አሸዋ እንደሚፈጭ ወፍጮ ብቻ ይላል። አንሥቶ ሌላ ቦታ ሞከረ። አሸዋ። እንደገና ሞከረ። ከንፈሩ ደምቷል።

«አልቋል» አልኩት። «ሃያ ነው።»

ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ያ የግድግዳ ሰው፣ ያ የጸጥታ አባት፣ እግሩን ዘርግቶ። «መጨረሻ ላይ ተናግራለች?» አለ።

«መቼ?»

«ያን ቀን። በር ላይ ሆኜ ስሜን የሰማሁ መሰለኝ። ኪሩ ያለች መሰለኝ። ከዚያ እነሱ መጡ። አርባ ዓመት ሙሉ ስሜን ነው ወይስ ሌላ እያልኩ ነው። አውቃብኝ ይሆን? ረግማኝ ይሆን? አንቺ አጠገቧ ነበርሽ። ምን አለች?»

አፌን ከፈትኩ። ምላሴ ላይ ነበር። «ግባ በቃ፣ ብርድ ይመታሃል አለችህ» ልለው ነው። ፊቱን አየሁት። በተስፋ ነው የሚጠብቀኝ፣ ሕፃን ጡት እንደሚጠብቅ። ያኔ ነው የገባኝ፤ ለአርባ ዓመት ጅራፍ ነው ብዬ የያዝኩት ነገር ለሱ መድኃኒት ነው። ከኔ አፍ ወጥቶ ተፍቆ ይገባለታል፤ አልጠረጠረችኝም፣ ትወደኝ ነበር ብሎ ቀና ብሎ ይሄዳል፣ ተኝቶ ያድራል። የሶልያናን ደግነት ለዚህ ሰው?

«አላስታውስም» አልኩት።

«ኖላ፣ ስለ እግዚአብሔር ብለሽ።»

«ሸክላው ላይ ነበር። አንተ ነህ የለቀቅከው። እኔ አሮጊት ነኝ፣ አላስታውስም።»

እጄን ሊይዝ ሞከረ፤ ነጠቅኩት። ስድብ አልጨመርኩም። ድምፄንም ከፍ አላደረግኩም፤ ያን ቀን ከወረወርኩበት ክፉ ቃል ሁሉ ሳይፋቅ ጆሮው የገባው ያ «አላስታውስም» ብቻ ነው፣ በለስላሳ ነውና የተናገርኩት። ተነሣ። ግድግዳ እየያዘ በሩን አልፎ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ሲደርስ ግን መሄድ አልቻለም። ጀርባውን ለኛ ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ዝናቡ አድርጎ በሬ አጠገብ ቆመ። ውሃው ከነኮቱ ያጥበዋል።

ሀሴት ብዕሯን ይዛ ታየኛለች። «እትዬ፣ ይሠራል ልበል አይሠራም?»

«አይሠራም።»

ጻፈች። ነጩን ሸክላ ከአርባዎቹ ጋር ካርቶን ውስጥ ከተተች፤ አልከለከልኳትም፣ ለምን እከለክላለሁ? ሽፋኑን ግን አስቀረሁት። ሃያኛውን መስመር በእስክሪብቶ አሰመርኩ፣ ከሶልያና ሁለት መስመሮች ጎን።

ሀሴት ጫማዋን ልታደርግ በሩ ጋ ስትደርስ ቆም አለች። ወደ ውጭ አየች፣ ወደ እኔ ዞረች። ልጅቷ ደግ ናት፤ ማንም አልነገራትም፣ ከራሷ ነው ያወጣችው።

«እትዬ፣ ብርድ ይመታቸዋል እኮ። ግቡ ልበላቸው?»

ሽፋኑን ባዶው ሳጥን ውስጥ አስገባሁት።

«ተያቸው» አልኳት። «በር መጠበቅ ይወዳሉ።»